«ምን ተገኘ?» የሚለው የአባቴ ጥያቄ

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። በሙዚቃዊ ቲያትር ከተመረቅኩ 9 ወር ሆነኝ። 14 ኦዲሽን (ተዋናይ የሚመረጥበት ፈተና) ሄጄ ለሁለተኛ ዙር የተጠራሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ያስተማረኝ አባቴ በደወለ ቁጥር «ምን ተገኘ?» ስለሚለኝ ስልኩን ማንሳት ትቻለሁ። የክፍል ጓደኛዬ ትልቅ ሚና ስታገኝ እንኳን ደስ አለሽ ማለት አቃተኝ። ካለፈው ወር ወዲህ አልዘፈንኩም፤ ስሞክር ጉሮሮዬ ይታነቃል። ችሎታዬ ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ ከጉሮሮሽ ልጀምር፤ በጣም ያስፈራሽ እሱ ነውና። ሰው ሲጨነቅ ትንፋሹ ያጥራል፤ መንጋጋው፣ የምላሱ ሥርና አንገቱ ይወጠራሉ፤ ማንቁርቱም ወደ ላይ ይሳባል። ከፍ ያለው ኖታ ታንቆ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ የአንድ ወር ዝምታ አለ። ስለዚህ አሁን የምትሰሚው ድምፅ የፍርሃትና የልምምድ ማነስ ድምፅ ነው፤ በእሱ ችሎታሽን አትለኪ። ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን 10 ደቂቃ ብቻ፣ አፍሽን ዘግተሽ በማንጎራጎር ወይም በስትሮ ውስጥ በማዜም አሟሙቂ። የኦዲሽን ዘፈኖችሽን አትንኪ። በሁለተኛው ሳምንት 20 ደቂቃ አድርጊውና የምትወጂውን አንድ ዘፈን ጨምሪ። የድምፅ መጎርነን ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን የጉሮሮ ሐኪም ይየው።

ኮሌጅ ሳለሽ ጠዋት ዳንስ፣ ከሰዓት የድምፅ ትምህርት፣ ማታ ልምምድ ነበረሽ፤ ስትሳሳቺ የሚያርምሽ መምህርም ነበረ። ይህ ሁሉ በምረቃው ማግስት ቆመ። የቀረሽ ኦዲሽን ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ 16 ባር (ባር ማለት ጥቂት ምት ያለው አጭር የዘፈን ክፍል ነው)፣ ቢበዛ 32 ባር ዘፍነሽ «እናመሰግናለን» ተብለሽ ትወጫለሽ፤ 16 ባር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ላልተመረጠ ሰው ምክንያቱን የሚነግር ቀርቶ የሚደውልም ብዙ ጊዜ የለም። ዋናው ተዋናይ አስቀድሞ ተመርጦ ከእሱ ጋር በቁመት ወይም በድምፅ የሚገጥም ሰው እየፈለጉ ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን ይህን ስለማታውቂ ዝምታውን በራስሽ ግምት ትሞዪዋለሽ፤ ግምትሽ ደግሞ ሁልጊዜ በራስሽ ላይ ይፈርዳል። የጎዳሽ ከ14ቱ ኦዲሽን ይልቅ ይህ ግምት ይመስለኛል።

ስለዚህ አንድ ደብተር ያዢ። ከኦዲሽን በወጣሽ በ15 ደቂቃ ውስጥ አራት ነገር ጻፊ፦ ቀኑን፣ የዘፈንሽውን፣ በደንብ የሠራሽውን አንድ ነገር፣ ለሚቀጥለው የምታስተካክዪውን አንድ ነገር። «ለምን አልወደዱኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር እዚያ አይገባም። ደብተሩን ዝጊና አስቀድመሽ ወዳቀድሽው ነገር ሂጂ፤ ከሰው ጋር ምሳ ብትበዪ ወይም የእግር ጉዞ ብታደርጊ ይበቃል። ሌላ ቀጠሮ ካልሰጡሽ ሁለት ሳምንት ሲያልፍ «አልሆነም» ብለሽ ምልክት አድርጊበትና ስልክሽን መጠበቅ አቁሚ።

ለመተዳደሪያ የምትይዢውን ሥራ ስትመርጪ ከደመወዙ ሌላ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ፈረቃ መቀያየር ይቻላል ወይ? እየጮህኩ ነው የምሠራው? ሙዚቃ በሚንጫጫበት ቤት ስምንት ሰዓት ስትጮሂ ውለሽ በማግስቱ መዝፈን ከባድ ነው።

ለጓደኛሽ አጭር መልእክት ላኪላት፤ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ለፍተሽበታል» ይበቃል፤ እውነትም ነው። ከዚያ የምትለጥፋቸውን ነገሮች ለአንድ ወር ከዓይንሽ አርቂ። ቅናትሽ ክፋት አይደለም፤ አንቺም ያንኑ ስለምትፈልጊ የመጣ ነው።

አባትሽ ጋ ስመጣ፣ «ምን ተገኘ?» የሚሉት ስለዚህ ሥራ ሌላ የሚጠይቁት ስለማያውቁ ይመስለኛል። የሚያውቁት ሥራ ተፈልጎ የሚገኝበትን፣ ከዚያ ደመወዝ የሚመጣበትን መንገድ ሊሆን ይችላል። ስልክ አለማንሳትሽ ጭንቀታቸውን ጨመረ፤ የአንቺንም እንዲሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ ለ20 ደቂቃ አንቺው ደውይ። የገንዘቡን ነገር ግን ከዚህ ጥሪ ለዪው፦ አሁን ስንት እንደሚረዱሽ፣ እስከ የትኛው ቀን እንደሚቆይ አንድ ጊዜ ተነጋገሩና ጻፉት። «በቅርቡ ይሳካልኛል» ብለሽ ቃል አትግቢ፤ በእጅሽ ያልሆነ ነገር ነው።

ሐዘኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ አብዛኛውን ቀን ካልለቀቀሽ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከነሳሽ ባለሙያ በአካል አግኚ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን በዚያው ቀን ለቅርብ ሰው ተናግረሽ ወደ ሕክምና ሂጂ።

የመጀመሪያውን ጥሪ እንዲህ ክፈቺው፦ «አባዬ፣ ስልክ ሳላነሳ የቆየሁት አፍሬ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ ምን እንደሠራሁ እነግርሃለሁ፤ ሚና ባገኝ ደግሞ መጀመሪያ የምደውለው ለአንተ ነው።» ለምደውታልና «ምን ተገኘ?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ «እስካሁን የለም፤ በዚህ ሳምንት ሁለት ኦዲሽን ሄድኩ፣ አዲስ ዘፈንም ይዣለሁ» በያቸውና ዘፈኑን በስልክ አሰሚያቸው።