ሐይቅና ግድብ ላይ የዓሣ ጫጩት ስለ መጨመር፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የከተማ ሐይቆችና ግድቦች ላይ የዓሣ ጫጩት ጨምሮ በመንጠቆ ለሚዝናና ሰው ስለማዘጋጀት ብዙ ጥያቄ መጥቷል። አንድ በአንድ ከምመልስ በአንድ ቀን ልጨርሰው ብዬ ነው። ሥራዬ ጫጩት ማራባትና ማከፋፈል ነው። ስለ ውኃና ስለ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ጠይቁኝ። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር፦ ከአንዱ ሐይቅ ዓሣ በባልዲ ይዛችሁ ሌላው ውስጥ አትጨምሩ። ዛሬ ይህን ስደጋግም ትሰሙኛላችሁ።

የየካው፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ለገዳዲና ገፈርሳ ላይ ለምን ቆሮሶ አይጨመርም? የአዲስ አበባ ሰው ለአንድ ቀን መዝናኛ ቢሾፍቱ ድረስ ይሄዳል እኮ።

መልስ፦ ሁለቱም የምንጠጣው ውኃ ናቸው። ዳርቻቸው ላይ ሰው፣ መኪናና ቆሻሻ እንዲበዛ የሚፈልግ የለም። ይህ ብቻውን በቂ ነው። ግን ሌላም አለ። ቆሮሶ የቆላ ዓሣ ነው። የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከ20 በታች ሲወርድ እድገቱም እርባታውም ይቀንሳል። ወደ 16 ሲጠጋ መብላት ያቆማል። ገፈርሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የተጨመረ ቆሮሶ ወዲያው ላይሞት ይችላል፣ ግን አያድግም። ሰው ግን «አልሞተም» ሲባል «ተስማማው» ብሎ ይወስዳል። ለደጋ ውኃ ካርፕ ይሻላል፣ ብርዱን ይችላል። እሱም ቢሆን የጠራ ውኃ ውስጥ ስትጨምሩት ጭቃውን እየቆፈረ ያደፈርሰዋል።

አቃቂ 08፦ አባ ሳሙኤል ግድብስ? የመጠጥ ውኃ አይደለም። አምባዛም አለበት ይባላል።

መልስ፦ አይሆንም። የከተማው ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ የሚወርደው እዚያ ነው። አምባዛ መኖሩ ውኃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አምባዛ ከአየር ላይ የሚተነፍስበት አካል አለው። ኦክስጅን ባለቀበት ውኃ ውስጥ ብቅ እያለ አየር ስቦ ይመለሳል። ሌላ ዓሣ የማይኖርበት ቦታ ይኖራል። ከዚያ ያወጣችሁትን ለልጅ አታብሉ።

ገበሬው ልጅ፦ ግድብ አለን። ስንት ጫጩት እንጨምር?

መልስ፦ ምን ያህል ስፋት? ምን ያህል ጥልቀት? በጋ ላይ ስንት ይቀራል? ቦታው ደጋ ነው ቆላ? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ? ለክተህ ተመለስ።

የሐዋሳ ልጅ፦ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዓሣው እያነሰ ነው። የሚመለከተው አካል ጫጩት ቢጨምር መፍትሔ አይሆንም? ድሮ አሞራ ገደል ሄደን የምናየው ቆሮሶ መጠኑ እንዲህ አልነበረም።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሐዋሳ ሐይቅ የጫጩት ችግር የለበትም። ቆሮሶ ራሱ በሚገባ ይራባል። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን በአፉ እየጠረገ ክብ ጎድጓዳ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና መልሳ ወደ አፏ ትሰበስበዋለች። ተፈልፍለው ለመዋኘት እስኪበቁ ድረስ አፏ ውስጥ ይቆያሉ። ከወጡ በኋላም አደጋ ሲመጣ እየተንደረደሩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ እናትየው ምግብ እምብዛም አትበላም። ከዚያ በኋላ ልጆቹ የሚያድጉት ቄጤማና ደንገል ያለበት ዳርቻ ላይ ነው። ትልልቅ ዓሣ እዚያ ገብቶ እንዳይበላቸው ሣሩ ይከልላቸዋል።

አሁን ዳርቻውን እዩት። ሣሩ ይታጨዳል፣ ከብት ይገባበታል፣ ለሎጅ ተብሎ ይደለደላል። በዚያ ላይ ቀዳዳው የጠበበ መረብ እዚያው ዳርቻ ላይ ይጎተታል። አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደ ዓሣ ወጥቶ ገበያ ላይ ይሸጣል። እዚህ ላይ አንድ ሚሊዮን ጫጩት ብትጨምሩ ያው መረብ ያወጣቸዋል። ጫጩት መጨመር ፎቶ ለመነሣት ያምራል፣ ባለሥልጣን መጥቶ ከባልዲ ይገለብጣል፣ ይጨበጨባል። ሣር መትከልና መረብ መቆጣጠር ግን ካሜራ አይጠራም። ለሐዋሳ የሚያስፈልገው ይኸኛው ነው። የመራቢያ ዳርቻው ተከልሎ ይጠበቅ፣ መረቡ ይለካ። ሐይቁ ራሱ ይሞላል።

ዓሣ የሚጨመረው ወይ አዲስ ውኃ ሲሆን ነው፣ እንደ አዲስ ግድብ፣ ወይ ዓሣው ራሱን መተካት የማይችልበት ምክንያት ታውቆ ሲስተካከል ነው። ዓሣው ለምን አነሰ የሚለው ሳይመለስ ጫጩት አልሰጥም። ስንት ሰው በዚህ ተቀይሞኛል።

አስቱ፦ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው። ዓሣው የሚያልቀው በጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ አስጋሪውም ያገኘውን ሁሉ ያወጣል።

ዲያቆን ነኝ፦ እህቴ፣ በሁዳዴ ዓሣ መብላት ማን ፈቀደ?

አስቱ፦ ወንድሜ፣ የሚበላው አገር ሙሉ ሰው ነው። እኔ የፈቀድኩት አይደለም።

ዲያቆን ነኝ፦ ብዙ ሰው ስላደረገው ሥርዓት አይሆንም። ደም ያለው ነገር ነው።

የባሕር ዳሩ፦ እኛ ጋ ጣና ዳር ያደገ ሰው በዓሣ ነው የሚጾመው። አያቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ።

ዲያቆን ነኝ፦ አያቶቻችሁ የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው ይሆናል። አንተ ጠይቀሃል?

መልስ፦ ይህን ለመምህራን ተዉት። እኔ የምመልሰው ስለ ውኃ ነው። ግን አስቱ ያነሣችው የገበያ ነገር እውነት ነው፣ የጾም ሰሞን መረቡ አያርፍም። የባሕር ዳሩ፣ ጣናን ካነሣህ አይቀር፦ ጣና ውስጥ ሌላ የትም የሌሉ ነጭ ዓሣ የሚባሉ ዝርያዎች አሉ። ከእነሱ በርካቶቹ ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞቹ ይወጣሉ። የወንዙ አፍ ላይ በዚያ ሰዓት መረብ የሚዘረጋ ሰው የዓመቱን ዘር ነው የሚያነሣው። እነዚህን በጫጩት ማከፋፈያ የሚተካ ማንም የለም።

ቢሾፍቱ ነዋሪ፦ ጋሼ፣ የእኛ ሐይቆች ላይ አንዳንድ ዓመት ዓሣው በአንድ ጠዋት ሞቶ ይንሳፈፋል። ሰው «መርዝ ጨምረውበት ነው» ይላል። እንደዚህ ባለ ሐይቅ ላይ ጫጩት መጨመር ዋጋ አለው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ብዙ ጊዜ መርዝ አይደለም። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ናቸው፣ ጠባብና ጥልቅ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ዙሪያው ገደል ስለሆነ ነፋስ እንደልቡ አያማስለውም። የላይኛው ውኃ በፀሐይ ይሞቅና ቀላል ሆኖ ከላይ ይቀመጣል። ታች ያለው ቀዝቃዛው ለወራት አየር አያገኝም። የሞተ አልጌ እየወረደ ይበሰብሳል፣ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይጠራቀማል።

ከዚያ ታኅሣሥና ጥር ይመጣል። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ የላይኛው ውኃ ይቀዘቅዝና ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ነፋስ ከተጨመረበት የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል። ጠዋት ስትነሡ ዓሣው አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ ይተነፍሳል። ሽታውን ከዳገቱ ላይ ትሰሙታላችሁ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ዳርቻው ነጭ ይሆናል። የሞተውን ለገበያ አትሰብስቡ።

ዋጋ አለው ወይ ላልከው፦ ከየካቲት በፊት አትጨምሩ። ውኃው ካረፈ በኋላ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የተረፈ ዓሣ መኖሩን እዩ። ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ ያም ራሱ ይሞላል። ሁሉም የቢሾፍቱ ሐይቅ አንድ ነው ብላችሁም አታስቡ። አረንጓዴ ሐይቅ በጣም ጨዋማ ነው፣ አረንጓዴ ያደረገው ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ነው። ቂሎሌ ደግሞ እንዲሁ ጨዋማ ነበር። በ1989 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሞጆ ወንዝ ወደ ውስጡ ተጠልፎ ገባና ጨውነቱ በእጅጉ ቀነሰ፣ በውስጡ የሚኖረው ነገር ሁሉ ተለወጠ። ጎረቤት ሐይቅ ላይ የሠራ ነገር እዚህ ይሠራል ማለት አይደለም።

ስፖርት ዓሣ፦ ለመዝናኛ ከሆነ ለምን ናይል ፐርች ከጫሞ አምጥተን ቆቃ ላይ አንጨምርም? ትልቅ ዓሣ ነው፣ ቱሪስትም ይስባል።

መልስ፦ በፍጹም! ናይል ፐርች በሃምሳዎቹና በስልሳዎቹ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ተጨመረ። እዚያ ብቻ የሚገኙ በመቶ የሚቆጠሩ የትናንሽ ዓሣ ዝርያዎች ጠፉ ወይም ሊጠፉ ደረሱ። ያንን ማንም መልሶ አላወጣውም። ቱሪስት የሚፈልግ ጫሞ ይሂድ፣ ዓሣው አገሩ ነው።

ስፖርት ዓሣ፦ ባሌ ላይ ግን ትራውት ከኬንያ መጥቶ ተጨምሯል። ምንም አልሆነም።

መልስ፦ ወብና ዳንካ ወንዞች ላይ የተጨመረው በ1960ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ምንም አልሆነም ለማለት ከዚያ በፊት ምን እንደነበር ያጠና ሰው መኖር አለበት። ወንዝ እንደ ሐይቅ አይደለም፣ ትራውትም የሚራባው ቀዝቃዛ፣ ፈጣንና ጠጠራማ ውኃ ሲያገኝ ነው። ደግሞ እነዚያ በሥርዓት የገቡ ናቸው። ስለ ባልዲው ያልኩትን አትርሱ። ሐይቅ በሕግ የሚተዳደር ነው፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አንብቡ። ሳያስፈቅዱ ባዕድ ዓሣ መጨመር አይቻልም።

የወሎ ልጅ፦ እኛ ጋ «ሐይቅ» የሚባለው ሐይቅ ላይ ግን ቆሮሶ ተጨምሮ ሰው ተጠቅሟል። ያንን አይክዱም።

መልስ፦ አልክድም። ደቡብ ወሎ ሐይቅ ላይ ቆሮሶ የተጨመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሰው በላ፣ አስጋሪ ተፈጠረ። ግን በፊት ጥርት ያለው ውኃ ደፈረሰ። ውኃውን የሚያጠሩት ትልልቆቹ ጥቃቅን ነፍሳት ጠፉ፣ ዓሣው በላቸው። ሐይቁ እንደ ቀድሞው አልሆነም። አንዱን ሲያገኙ አንዱን መክፈል አለ። የሚከፈለውን ቀድሞ ማወቅ ነው የምለው።

ሚኪ፦ የትኛው ዘንግ ይሻላል? ብራንድ ቢነግሩኝ።

መልስ፦ አላውቅም፣ ሻጩን ጠይቅ። ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆ፣ ትል ወይም ሊጥ። ለአምባዛ ማታ፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ። በቃ።

ሰሚት፦ እኔም ኩሬ አለኝ፣ ስንት ልጨምር?

መልስ፦ ከላይ አንብቢ እባክሽ። ስፋት፣ ጥልቀት፣ ቦታ። ሳትለኪ አትጠይቂኝ።

ገበሬው ልጅ፦ ጋሼ፣ ለካሁ። ሞጆ አካባቢ ነው። ግማሽ ሄክታር ግድም ነው። አሁን 3 ሜትር ጥልቀት አለው፣ ግንቦት ላይ ሜትር ተኩል ይቀራል። መስኖ ብቻ ነው የምንጠቀምበት። ቅዳሜና እሑድ ሰው በመንጠቆ እያጠመደ እንዲዝናና ነው ያሰብነው። ወደ ወንዝ አይፈስም።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ሜትር ተኩል ይበቃል፣ ቦታውም ሞቃት ነው። ቆሮሶ ጨምር፣ ግን ወንድ ብቻ። ወንድና ሴት ከተቀላቀለ ገና ሳያድጉ መራባት ይጀምራሉ። ዓመት ሳይሞላ ግድቡ የጣት መጠን ያላቸው ዓሦች ይሞሉታል፣ ያ ሁሉ ለአንድ ምግብ ይሻማል፣ ከዚያ አንድም አያድግም። መንጠቆ ይዞ የመጣ ሰው አንድ ጊዜ ያይና አይመለስም። ወንዱን ለይቶ የሚሰጥህ ማዕከል ፈልግ። ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል፣ ባቱንም ጠይቅ። አንዲት ሴት ካመለጠች እንኳ ቢያንስ ጥቂት አምባዛ ቆይቶ ብትጨምር ጫጩቱን ይበላል። አምባዛው ግን ቆሮሶው ካደገ በኋላ ይግባ፣ ካልሆነ የምትገዛውን ይጨርስብሃል።

ምግብ የማትሰጥ ከሆነ ለ2 ካሬ ሜትር 1 ጫጩት፣ ማለትም 2500። ከዚያ በላይ አትጨምር፣ ሰው ቢገፋፋህም። ሲጓጓዝ የሚገደለው ብዙ ነው፣ ስለዚህ፦ ከመጫኑ አንድ ቀን በፊት አይመገብ፣ ሆዱ ባዶ ይሁን። ከረጢቱ አንድ ሦስተኛው ውኃ፣ የቀረው ኦክስጅን ይሁን። ሌሊት ጫን፣ ንጋት ላይ ድረስ። ደርሰህ ወዲያው አትገልብጥ። ከረጢቱን ሳትፈታ ሩብ ሰዓት ውኃው ላይ አንሳፍፍ። ከዚያ ፍታውና የግድቡን ውኃ በጣሳ ቀስ እያልክ ጨምርበት። ጫጩቱ ራሱ ዋኝቶ ይውጣ። ዳርቻው ላይ ሣር ያለበት በኩል ልቀቃቸው፣ ቆመህም ሣሩን ከብት እንዳይረግጠው አጥር ሥራ። ለ6 ወር መንጠቆ አይግባ።