አያቷ ስሙን የማይጠሩት ንጉሥ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ልጄ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አስተማሪያቸው «የማደንቀው የታሪክ ሰው» በሚል ርዕስ ጽፋችሁ አምጡ ሲሏቸው አፄ ቴዎድሮስን መረጠች። ማታ ቡና ላይ ለአያቷ ማንበብ ስትጀምር አማቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «የሱ ስም በዚህ ቤት አይነሳ» አሉ። የወረሂመኖ ሰው ናቸው። ቴዎድሮስ በወሎ ላይ ያደረገውን ከእናታቸው እየሰሙ ነው ያደጉት። ልጄ አልቅሳ ተኛች። ርዕሱን ትቀይር ወይስ አማቴን ላግባባ? ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ርዕሱን አትቀይር። አማትሽንም «ያለፈ ነገር ነው፣ ይተዉት» እንዳትያቸው። ለሳቸው አላለፈም።

ልጅሽ ያየችው እኔንም ይማርከኛል። ሰውየው ጋፋት ላይ ያሠራውን ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል አስወርዶ አስወጥቶ መቅደላ አደረሰው። መንገድ አልነበረም፣ እየተቆፈረ ነው የተሄደው፣ ወራት ፈጀ። ንጉሡ ራሱ ከሰዉ ጋር ድንጋይ ሲያነሳ ያዩ ሰዎች ጽፈውታል። በሽሎ ወርዶ የወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጉልበቱ ይነግረዋል። መድፉ ዛሬም መቅደላ አናት ላይ አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሰብሮ ሲገባ ደግሞ እጁን አልሰጠም፣ በገዛ ሽጉጡ ሞተ። ይህን ያነበበች ልጅ ልቧ ባይነካ ነበር የሚገርመኝ።

አማትሽ የሚያስቡት ግን እዚያው አምባ ላይ ስለሆነ ሌላ ነገር ነው። መቅደላ የንጉሡ ግምጃ ቤት ብቻ ሳይሆን እስር ቤቱም ነበር። የወሎ ባላባት ልጆች በመያዣነት እዚያ ተቀምጠዋል። አንዱ የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ነው። ወርቂት በዚያ ዘመን ወሎን ከሚመሩት አንዷ ነበረች፣ ቴዎድሮስንም አልገብርም ብላ የተዋጋች።

በ1857 ክረምት መግቢያ ላይ ወጣቱ ምኒልክ፣ ያኔ 20 ዓመት ገደማው ነው፣ በሌሊት ከመቅደላ አመለጠና ወርቂት እጅ ገባ። እስቲ በእናት ልብ አስቢው። ልጅሽ ታስሯል። ያሰረው ሰው ከምንም በላይ የሚፈልገው እስረኛ ደግሞ አንቺ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ልጇን ልትለውጥበት አስባ ነበር ይባላል፣ ብታስብም አልፈርድባትም። ነገር ግን ጊዜ አላገኘችም። ቴዎድሮስ ምኒልክ ማምለጡን ሲሰማ በንዴት ልጇን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደለው።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ማንበቤን አቆማለሁ። መርዶው ሲደርሳት ልጇ የተገደለበት ሰበብ ፊቷ አለ። ሠራዊት የሌለው ስደተኛ ነው። ክፉ ብታደርገው ማን ይጠይቃታል? እሷ ግን ወደ ሸዋ አሳለፈችው። ከ30 ዓመት በኋላ ያ ስደተኛ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ የዓድዋ ክተት ሲያውጅ ሠራዊቱን የቀጠረው ወረኢሉ ነው፣ እዚሁ ወሎ። የራስ ሚካኤል ፈረሰኞችም ከዚሁ ምድር ተነስተው ዓድዋ ዘመቱ። ያቺ እናት ያን ዕለት ሌላ ነገር ብታደርግ ኖሮ የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

እኔ ወሎ ውስጥ ነው የተማርኩት። በክፍላችን ቴዎድሮስ ግድግዳ ላይ ነበር፣ የወርቂትን ስም ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። ትልቅ ሰው ሆኜ ነው ያገኘኋት። በጣም ነው የቆጨኝ፣ ምክንያቱም እኔም ቤት ብጠይቃቸው ይነግሩኝ የነበሩ አያት ነበሩኝ።

ስለዚህ ልጅሽ ለሚቀጥለው ቡና ደብተሯን ይዛ ትቅረብ። «ለምን ትጠይዋለሽ?» ብላ እንዳትጀምር። «እናትሽ ስለ ወርቂት ምን ይሉ ነበር?» ትበል። አማትሽ አቦሉ ሳያልቅ የዚያን ሰው ስም ራሳቸው የሚያነሱ ይመስለኛል። የነገሯትን «አያቴ እንደነገረችኝ» ብላ ታስገባው፣ መጽሐፍ ላይ ያገኘችውንም ለብቻው። መድፉም ይግባ፣ ገደሉም ይግባ። ያንን የጎተተው ክንድና እነዚያን እስረኞች ያስገደለው ትእዛዝ የአንድ ሰው ናቸው፣ እሷም ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ መጻፍ ትችላለች። ከዚያ በኋላም ቴዎድሮስን ካደነቀች ታድንቀው፣ የምታደንቀውን አውቃ ነው።

ጥያቄ፦ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ ንብ እንደከበበው፣ ሌሊት ሌሊት መላእክት ይወቅሩ እንደነበር ስናገር አንዳንድ እንግዶች ይስቃሉ። ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትተወው። ግን «ገድሉ እንዲህ ይላል» ብለህ ጀምር። ያኔ የምትነግራቸው አባቶቻችን ያንን ንጉሥ እንዴት እንዳዩት ይሆናል። ስሙ ራሱ ከንቦቹ ጋር የተሳሰረ ነው፣ ንብ ንግሥናውን አወቀች ለማለት ነው ይባላል። ስሙን ካልፈታህላቸው እንግዶቹ ግማሹን ሳያዩ ነው የሚሄዱት።

መላእክቱ ጋ ስትደርስ ደግሞ አትቸኩል። ወደ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ውሰዳቸውና ወደ ታች ይመልከቱ። ድንጋይ ተቆልሎ የተገነባ ነገር የለም፣ ጣሪያው ተጀምሮ መሠረቱ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው፣ አንድ የተሳሳተ ምት ደግሞ አይመለስም። ቦዩን አሳያቸው፣ የክረምቱ ውሃ እንዳይተኛበት ወለሉ እንዴት እንደተዳፋ። 11 አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ተወቅረዋል፣ የወቃሪዎቹን ስም ግን ማንም አልጻፈልንም። እኔ መላእክቱን ሳስብ እነዚያ ስም የለሽ ሰዎች ናቸው ፊቴ የሚመጡት። አፋፉ ላይ ቆሞ ይህን ሰምቶ የሚስቅ እንግዳ ካጋጠመህ ጻፍልኝ።