ስለ መርዛማው የባህር ቀንድ አውጣ ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄያችሁ ስለበዛ የሚደጋገሙትን አንድ ላይ ልመልስ።

"ወንድሜ ከባድ መኪና እየነዳ ጅቡቲ ይመላለሳል፣ ከባህር ዳር ዛጎል ለቅመህ አምጣልኝ ብዬዋለሁ፣ ችግር አለው እንዴ?" (ከአጂፕ)

እህቴ፣ ሱቅ የሚሸጠውን ባዶውን ይግዛ፣ ከውሃ ውስጥ ግን ምንም እንዳያነሳ በናትሽ ዛሬውኑ ደውይለት። ኮን ስኔል የሚባሉት መርዛማዎቹ ቀይ ባህር ውስጥ አሉ፣ ቅርፊታቸው ዝንጉርጉር ሆኖ በጣም ስለሚያምር ነው ሰው እጁን የሚሰደው። በወፍራሙ በኩል ከያዝኩት አይነካኝም የሚሉ አሉ፣ አትመኑ፣ አፉ ተዘርግቶ ይደርሳል፣ ስስ ጓንትም አያስጥልም።

"እንደዛ እየተንፏቀቀ እንዴት ዓሣ ይይዛል?" (ተማሪ፣ ከኮቺ)

ጎበዝ! አብዛኞቹ ትል ነው የሚበሉት፣ ሌላ ቀንድ አውጣ የሚበሉም አሉ። ዓሣ የሚበላው ኮነስ ጂኦግራፈስ፣ ለሰውም ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፣ ጥርሱ ውስጡ ክፍት እንደሆነ መርፌ ነው፣ መርዝ ሞልቶበት ይወጋል፣ ከዛ ያንን ጥርስ ጥሎ ሌላ ያዘጋጃል። የገረመኝ ደግሞ በ2015 የወጣው ጥናት ነው፣ መርዙ ውስጥ ኢንሱሊን አለ፣ የዓሣዎቹን ስኳር አውርዶ ያደነዝዛቸዋል፣ እሱም አፉን በሰፊው ከፍቶ ይውጣቸዋል።

"ሰው ከተወጋስ ማርከሻ አለው?" (ከመርካቶ)

የለውም። የሚገድለው የመተንፈሻ ጡንቻን ሽባ አድርጎ ነው፣ ሲወጋ ብዙ ላያምም ስለሚችል "ደህና ነኝ" ብሎ መቀመጥ የለም። መብጣት የለም፣ መምጠጥ የለም፣ የተወጋውን እጅ በፋሻ ጠቅልሎ ሳያንቀሳቅሱ ሆስፒታል መሮጥ ነው፣ መንገድ ላይ ትንፋሹ ከቆመ አፍ ለአፍ ማስተንፈስ። መርዙ እስኪለቀው በማሽን የተነፈሰ ሰው ሊድን ይችላል፣ ስለዚህ ተስፋ እንዳትቆርጡ።

"መድኃኒት ይሰራበታል የሚባለው እውነት ነው?"

እውነት ነው። ዚኮኖታይድ ይባላል፣ መነሻው ኮነስ ማገስ የሚባለው ዝርያ ነው፣ ፊሊፒንስ የተወለደው ባልዶሜሮ ኦሊቬራ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቋቋመው ላብራቶሪ ማይክል ማክኢንቶሽ ገና ተማሪ እያለ አገኘው፣ አሜሪካ በ2004 ፈቀደችው። በሌላ መድኃኒት አልታገስ ላለ ከባድ ህመም በፓምፕ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ይገባል፣ እንደ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም።

"ክረምት ጎመኔ ላይ የሚወጣውስ?" (ከጅሬን)

እናቴ፣ እሱ አይናደፍም፣ ጎመኑን በደንብ አጥበው ይብሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ልጆች የሚዋኙበት ወንዝና ኩሬ ውስጥ ያለችው ትንሿ ቀንድ አውጣ ናት፣ ቢልሃርዝያ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ልጁ ሆዱን እያመመው ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን አለው።