የጓዳ ጥያቄዎች፦ የተጣመመው መክተፊያ

ባለፈው ዕትም ስለ ቢላ አሳሳል ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡልኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ቢላው ስለሚያርፍበት እንጨት የሚጠይቁ ናቸው። እሰይ ነው ያልኩት። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ እየከተፍኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። መክተፊያ ለእኔ ከምጣድ አያንስም። ለአራቱ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን ሰነበቱ? ካገባሁ ገና ስድስት ወሬ ነው። ነሐሴ ላይ ሰፈር ውስጥ ካለ አናጢ የዋንዛ መክተፊያ አሠርቼ ነበር። በየቀኑ አጥቤ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስጥቼ አደርቀዋለሁ። ጥር ሲገባ ግን ጎብጦ ጠረጴዛው ላይ አልቀመጥ አለ፤ ጫፉም ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የእንጨቱ ነው የእኔ? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ የእኔ እህት፣ ከሁለታችሁም አለበት። እንጨቱ ሳይደርቅ የተሠራ ይመስለኛል። ነሐሴ እዚህ አገር ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ፤ የቤት በር እንኳ አብጦ አልዘጋ ይላል። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ያውም የሚኮማተረው በወርዱ ነው፤ ቁመቱ እምብዛም አይለወጥም። አናጢዎች እንደሚሉት ጣውላ ጥላ ውስጥ ተደርድሮ ሲደርቅ ለእያንዳንዱ 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ያንቺው ግን በውስጡ የቀረውን ውሃ በበጋው ነፋስ ባንዴ ሲለቅ ተሰነጠቀ።

ፀሐይ ላይ ማስጣቱ ደግሞ ያንቺ ነው። አስተኝተሽ ስታሰጪው የላዩ ፊት ይደርቃል፤ መሬት የነካው እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። የደረቀው ፊት ሲኮማተር ጠርዞቹን ወደ ላይ ይስባቸዋል። መጉበጥ ማለት ይኸው ነው።

የእናቴን መክተፊያ ባየሽው! ከዘጌ በታንኳ ያመጣችው ዋንዛ ነበር። መሀሉ ከቢላ ብዛት እንደ እጅ መዳፍ ጎድጉዷል፤ ስንጥቅ ግን አንድም አልነበረበትም። ጓዳው ግድግዳ ላይ ሁለት ምስማር መትታ ነበር። መክተፊያው ታጥቦ በጨርቅ ከተጠረገ በኋላ በጠርዙ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ። በፊቱም በኋላውም አየር ያልፋል። ፀሐይ አይነካውም። ፋሲካ ሲቃረብ አናጢ ዘንድ ወስዳ ታስልገው ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ። መላጊያው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያልፍበት ጥቁሩ ፊት ይገፈፍና ከሥሩ ማር የመሰለ ቀለም ብቅ ይላል። ሽታው እስካሁን አልጠፋኝም፤ የሽንኩርትና የእንጨት ድብልቅ።

ያንቺን እንዳትጥይው። የጎደጎደውን ፊት ወደ ታች አድርገሽ እርጥብ ፎጣ ላይ አስተኚው፤ ላዩ ላይ ውሃ የሞላ ድስት ጫኚበት። በነጋታው ጠዋት እይው። ከተቃና ጥላ ውስጥ ቆሞ ይድረቅ። ካልተቃና ይላግ። የተሰነጠቀውን ጫፍ በመጋዝ አስቆርጪው፤ በኮላ እንዳይደፍኑብሽ። መክተፊያው ትንሽ ቢያጥር ምንም አይደል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አናጢው «ከቁም ሳጥን የተረፈ ችፑድ አለ፣ በእሱ ልሥራልህ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ጠንካራ ነው ብዬ ወይራ ፈልጌ ነበር። የቱ ይሻለኛል? (ከወረታ)

መልስ፦ ችፑዱን ተወው ወንድሜ። ኮምፖልሳቶውም ኤምዲኤፉም ያው ነው። በኮላ የተጣበቀ እንጨት ነው፤ ቢላ ሲያርፍበት እየተፈረፈረ ወጥ ውስጥ ይገባል። ችፑድማ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል። ቀለም የነካው የአሮጌ በር ጣውላም አይሆንህም።

ወይራ ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው። ችግሩም እሱ ነው፤ ቢላውን ቶሎ ያደነዝዘዋል። ሲደርቅ መሰንጠቅ ይወዳል፤ ሰፊ ጣውላም እንደ ልብ አይገኝለትም። እኔ ወይራን የምፈልገው ለጋንና ለእርጎ ዕቃ ማጠኛ ነው። ጽድ መልካም እንጨት ነው፣ ሽታው ግን ምግብ ውስጥ ይገባል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል። ዋንዛ ግን ለስለስ ያለ ነው፤ ለሠሪውም ለቢላውም ይመቻል። ገበታ የሚፈለፈለው ከእሱ መሆኑን አትርሳ። ጠባሳ ቶሎ ይይዛል፤ ቢሆንም ተልጎ እንደ አዲስ ይሆናል።

ከየት እንዳመጣው ግን አናጢውን ጠይቀው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ገበሬው ማሳው ላይ ያሳደገው ዋንዛ አለ፤ ከዚያ ይሁን።

ውፍረቱን 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር አስደርገው። የግንዱ እምብርት ያለበት ጣውላ ከሆነ አትቀበለው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ይለስልስ። ቫርኒሽ እንዳይቀባው፤ ቢላው እየላጠ ምግብህ ላይ ይጥለዋል። አቅም ካለህ ደግሞ እንደ ሥጋ ቤት ጉቶ፣ እንጨቱ ቆሞ ጫፉ ላይ የሚከተፍበትን ዓይነት አሠራ። ቢላው በእንጨቱ ጅማቶች መሀል ስለሚገባ ስለቱ ይቆያል፣ ጠባሳውም ብዙ አይታይም። ክብደት አለው፤ ውሃም ቶሎ ይጠጣል። ለትንሽ ቤት እኔ ተራውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባለቤቴ መክተፊያ እንጨት ካልሆነ ትላለች። እኔ ፕላስቲክ ንጹሕ ነው፣ እንጨት ጀርም ይይዛል ባይ ነኝ። ሁለት ሕፃናት አሉን። ይፍረዱን። (ከፋሲሎ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጉዳይ የፈተኑት ሰዎች አሉ። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ዲን ክሊቨር የሚባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተውት በፈረንጆች 1994 አሳተሙት። ሳልሞኔላንና ሌሎች በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን በእንጨትና በፕላስቲክ መክተፊያ ላይ አደረጉ። እንጨቱ ላይ ያረፈው ወደ ውስጥ ሰረገ፤ እዚያ አይራባም፣ ቀስ በቀስ ይሞታል። አዲስ ፕላስቲክ በቀላሉ ይጸዳል። በቢላ የተቦጫጨረ ፕላስቲክ ላይ ግን በእጅ ታጥቦም ባክቴሪያው ይቀራል። እርስዎ ቤት ያለው ፕላስቲክ እንዴት ነው? ጥፍርዎን ያስኪዱበት። ጭረቱ ጥፍር ከያዘ ዕድሜው አልቋል፤ ይጣል። ፍርዱ ለባለቤትዎ ነው።

ይሁንና እሳቸውም እንጨት ነው ብለው አይዘናጉ። ጥሬ ዶሮ በተከተፈበት ላይ ሰላጣ መክተፍ እንጨትም ሆነ ፕላስቲክ ነውር ነው። ለዚህ እናቶቻችን ቀድመው መላ አበጅተውለታል፤ የጾምና የፍስክ ዕቃ ይለያሉ። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን የፍስኩ መክተፊያ ይሰቀላል። መለየቱን ዓመቱን ሙሉ ያድርጉት። የጾሙ ለሽንኩርት፣ ለቃሪያ፣ ለሰላጣ፣ ለዳቦ። የፍስኩ ለሥጋና ለዶሮ። ለዓሣ እኔ ሦስተኛ አለኝ።

ጥሬ ሥጋ ሲከተፍበት በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለቱም ፊት ይታጠብ። ከዚያ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ በጥብጠው ያፍስሱበት፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቅለቅ። ዘፍዝፎ ማሳደር ግን የለም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቆሮሶና አምባዛ ጠብሼ እሸጣለሁ። መክተፊያዬ የዓሣ ሽታ አልለቅ አለኝ። ይሻለዋል ብዬ የኑግ ዘይት ብቀባው ጭራሽ ተጣበቀ፣ ሌላ ሽታም አመጣ። ምን ይሻለኛል? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ ልጄ፣ ሥራችን አንድ ነው። እኔ ዓሣ ከማሳረፌ በፊት መክተፊያውን በቀዝቃዛ ውሃ አርሰዋለሁ። እንጨቱ ውሃውን አስቀድሞ ከጠጣ የዓሣውን ፈሳሽ ያን ያህል አይጠጣም። ፊሌቶውን ካወጣሁ በኋላ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀጥሎ በሙቅና በሳሙና አጥበዋለሁ። ሙቁ ከቀደመ ደሙና ዝልግልጉ ረግቶ እንጨቱ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ጨው በተን አድርጌ በግማሽ ሎሚ እፈትገዋለሁ። የዓሣን ሽታ የሚሰብረው ኮምጣጣ ነገር ነው። አምስት ደቂቃ ይቆይና ይለቅለቅ። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ግን እንዳትቀላቅዪ፣ አደራሽን። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ወደ ዘይቱ ልምጣ። ኑግም ሆነ ሱፍ እንጨት ውስጥ ሲቆይ ይጣበቃል፣ ይሸታል። አሁን ያለውን በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በጨው ፈትጊው። አልለቅ ካለ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አንሺው። ከዚያ ፋርማሲ ሂጂና ለሆድ ድርቀት የሚሸጠውን ፈሳሽ ፓራፊን ግዢ። ቀለምም ሽታም የለውም፣ አይበላሽም። ላምባ እንዳይሰጡሽ፤ የሚጠጣው ዓይነት መሆኑን ደግመሽ ጠይቂ።

እኔ ሰም እጨምርበታለሁ። ጠጅ የሚጥል ጎረቤት ካለሽ ሰፈፉን ለምኚ፤ አቅልጠሽ በንጹሕ ጨርቅ አጥልይው። አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ ፓራፊን። ጣሳው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይቅለጥ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥጂው። ለብ እንዳለ ሁለቱንም ፊት ቀቢው፣ ይደር፣ ጠዋት የተረፈውን ጥረጊው። የተቆረጡትን ጫፎች አትርሺ፤ እንጨቱ ከሁሉ በላይ ውሃ የሚጠጣው በእነሱ በኩል ነው።

መቼ ልድገመው ካልሽ ጣትሽን ውሃ ነክረሽ አንድ ጠብታ ጣል አድርጊበት። እንደ ዶቃ ክብ ብሎ ከቆመ ገና ነው። ወዲያው ከሰረገ ጠምቶታል፤ ቀቢው።