«መድኃኒቱን ለመደው» ላልከኝ የሸቤ ወንድሜ

ከሸቤ ሶምቦ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ያልከኝ ይሄ ነው፤ የሩዝህ መሃል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይደርቃል፣ ሳብ ስታደርገው ተመዞ ይወጣል፣ ላምዳ ሳይሃሎትሪን የሚባለውን የተባይ መድኃኒት ሦስት ጊዜ ረጨህ፣ ሦስተኛውን እጥፍ አደረግከው፣ ትሉ ግን አለ፣ አሁን ከሌላ ጋር ልቀላቅለው ወይ ትላለህ። አትቀላቅል። እጥፉንም ተው።

እኔ ጅማ ሂርማታ ገበያ የመድኃኒት መርጫ ስጠግን ነው የምውለው፣ እርሻህን አላየሁትም፣ ግን ያ ተመዞ የሚወጣው ቅጠል ይበቃኛል፣ አገዳ ቆርቁር ነው። የቅጠሉን ስር እይ፣ ተበልቶ በስብሶ ከሆነ አገዳውን በምላጭ ሰንጥቀው፣ ትሉ ከነአሩ ውስጡ ተኝቶ ታገኘዋለህ። ላምዳ ደግሞ ትሉን ሲነካው ወይም ሲበላው ነው የሚገድለው፣ አገዳ ውስጥ ሰርጎ አይገባም። ግምቴ ከሦስቱ ርጭት ቢያንስ ሁለቱ ትሉ ከገባ በኋላ ነው የተረጩት፣ ውጪ ቀርቶ የሞተው ተባዩን የሚበላልህ ሸረሪት ነው።

ይሄን «ለመደው» የሚባለውን ግን በደንብ ልናገረው፣ ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለሚለው። ትል ሰው አረቄ እንደሚለምደው አይለምድም፣ ወይ ይሞታል ወይ ይተርፋል። ከሺዎቹ ውስጥ ጥቂቶቹ ሲፈለፈሉ ጀምሮ የተለዩ ናቸው፣ አንዱ መርዙን ሰውነቱ ውስጥ ቶሎ ይሰባብረዋል፣ ሌላው ነርቩ ላይ መርዙ የሚይዝበት ቦታ ትንሽ ስለተለወጠ አይይዘውም። ስትረጭ ወንፊት እየነፋህ ነው በለው፣ ደካማው ይወርዳል፣ እነዚያ ላይ ይቀራሉ፣ እርስ በርስ ይዋለዳሉ፣ በዚያው መድኃኒት ደጋግመህ ስትነፋ በኋላ ማሳው የነሱ ልጆች ብቻ ይሆናል። ስሙን ቀይረህ ብትገዛም ያው ነው፣ ሳይፐርሜትሪን፣ ዴልታሜትሪን፣ ላምዳ፣ ሁሉም ቡድን 3ኤ ናቸው፣ ቡድን ማለት በአንድ ዓይነት መንገድ የሚገድሉ መድኃኒቶች ማለት ነው፣ ወንፊቱ አንድ ነው። እስያ ውስጥ ቡናማ ዘላይ የሚሉትን የሩዝ ተባይ ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባል መድኃኒት በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ሲያረግፈው ቆይቶ በ2005 ገደማ ብዙ ቦታ አልሠራ ያለው በዚሁ መንገድ ነው። እኛ ጋ ደግሞ መድኃኒቱ ሃይላንድ ውስጥ ተቀድቶ ይሸጣል፣ ሌብል የለ፣ የቡድን ቁጥር የለ፣ ገበሬው ምን እንደረጨ እንኳ አያውቅም፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል።

መርጫህን እይልኝ። በቅርቡ አንድ መርጫ መጣልኝ፣ ኖዝሉ፣ ማለት መድኃኒቱ የሚወጣበት ጫፍ፣ ሲደፈን አንዱ «ጠጋኝ» በጋለ ሚስማር በስቶት፣ ጉም መሆኑ ቀርቶ እንደ ላም ሽንት ያወርደዋል፣ ጎሚኒውም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ስለሆነ ባለቤቱ ጀርባ ላይ ይንጠባጠባል። ርካሹ ፕላስቲክ ኖዝል ቶሎ ነው የሚበላው። ንጹህ ውሃ ብቻ ሞልተህ በአንድ ደቂቃ የሚወጣውን ለካ፣ ከአዲስ ኖዝል ከ10 በመቶ በላይ ካሳለፈ ጣለው። ሲደፈን በአፍህ አትንፋው! ጓንት አድርገህ በውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠበው።

እውነት መድኃኒቱ አልሠራ ብሎት እንደሆነ ለማወቅ ቅጠል ላይ የተጣበቀ እንቁላል ሰብስበህ እስኪፈለፈል ጠብቅ፣ የሩዝ አገዳ ቁራጭ በሌብሉ ልክ በተበጠበጠው ንከር፣ ሌላ ቁራጭ በውሃ ብቻ፣ ትንንሾቹን ትሎች ለየብቻ አስቀምጣቸውና በማግስቱ ቁጠር። መድኃኒት የነካው ላይ አብዛኛው ካለቀ ጥፋቱ የጊዜውና የመርጫህ ነው፣ ብዙው በሕይወት ካለ 3ኤን ተወው።

ዘንድሮ የደረቀውን ነቅለህ አቃጥል፣ ገና ልጅ ሩዝ ከሆነ ሌላ ያበቅላል። ስታጭድ ዝቅ አድርገህ እጨድ፣ ትሉ ገለባው ስር ስለሚከርም ወዲያው እረሰው። በሚቀጥለው ዩሪያውን አታብዛ፣ ከጎረቤት ጋር አንድ ላይ ዝራ፣ እንቁላል ስታይ መፈልፈያው ላይ አንዴ ብቻ ከሌላ ቡድን፣ ለምሳሌ ከቡድን 28 ክሎራንትራኒሊፕሮል፣ ለሩዝ የተፈቀደ መሆኑን ሌብሉ ላይና ከልማት ሠራተኛው አረጋግጠህ ርጭ። ጠዋት ንብ አበባ ላይ ሳለች አትርጭ፣ ወንዝ ዳር መርጫ አትጠብ፣ 3ኤ ዓሣ ይፈጃል።

ኖዝሉን ይዘህልኝ ና፣ ግን በአፍህ እንዳትነፋው፣ ልጆችህም እንዳይነኩት።