ፖሊስ «ቤትህን እንይ» ቢለኝ እምቢ ማለት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ምሥራቅ ለንደን ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ፖሊሶች በሬን አንኳኩ። «ገብተን ቤቱን እንድናይ ፍቀድልን» አሉኝ። ማዘዣ አላሳዩኝም። ፈራሁና አስገባኋቸው። መሳቢያዬን ሁሉ ከፍተው አዩ፤ ምንም ሳይወስዱ ሄዱ። እምቢ ብል ወንጀል ይሆንብኝ ነበር?

መልስ፦ አይሆንብዎትም። ማዘዣ ወይም ሌላ ሕጋዊ ሥልጣን ከሌላቸው «አልፈቅድም» ማለት መብትዎ ነው። ይህን መብት ካጸኑት ክሶች አንዱ የተነሣው እዚያው ምሥራቅ ለንደን፣ ስቴፕኒ ውስጥ ነው።

ጆን ኤንቲክ ጸሐፊ ነበር። መንግሥትን በሚተች ጋዜጣ ላይ ይጽፋል ተባለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1762 ናታን ካሪንግተን የተባለ የንጉሡ መልእክተኛ (የመንግሥት ትእዛዝ አስፈጻሚ) ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ቤቱ ገባ። አራት ሰዓት ያህል በረበሩ። የግል ወረቀቶቹን አገላብጠው፣ የፈለጉትን ይዘው ሄዱ። ትእዛዝ በእጃቸው ነበር፤ የፈረመው ግን ዳኛ ሳይሆን ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ ነው። ኤንቲክ ከሰሳቸው። ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) ካሳውን 300 ፓውንድ ብሎ ገመተ፤ በ1765 ዋና ዳኛው ሎርድ ካምደን ለኤንቲክ ፈረዱለት። እንዲህ ያለ ሥልጣን ሕግ ቢሆን ኖሮ በሕግ መጻሕፍታችን ውስጥ ይገኝ ነበር፤ ካልተገኘ ሕግ አይደለም አሉ። «ለመንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ ነው» የሚለውንም ክርክር አልተቀበሉትም።

ይህን ፍርድ ባነበብኩት ቁጥር ልቤን የሚነካው አንድ ነገር አለ። ሥልጣናቸውን በሕግ ማሳየት የነበረባቸው የበረበሩት ሰዎች ናቸው። የቤቱ ባለቤት ለምን እንደማይፈቅድ እንዲያስረዳ አይገደድም።

አደራ፣ ፖሊስ ያለ ማዘዣ ፈጽሞ አይገባም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ መሠረት በከባድ ወንጀል የሚፈለግ ሰው ለመያዝ ወይም ሕይወት ለማዳን መግባት ይችላል። ስለዚህ በሩ ላይ ቆመው አይታገሉ። «የምትገቡት በየትኛው ሥልጣን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ወደ እርስዎ ስመለስ፣ ፈቅደው አስገብተዋቸዋል። ከኤንቲክ የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው። ግን በፈቃድ የሚደረግ ብርበራም ሥርዓት አለው። ፖሊሶቹ የመፍቀድ ግዴታ እንደሌለብዎት አስቀድመው ሊነግሩዎት፣ ከተቻለም ፈቃድዎን በጽሑፍ ሊቀበሉ ይገባ ነበር። ይህን ካላደረጉ አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባባሉትን፣ ካስታወሱም ትከሻቸው ላይ ያለውን ቁጥር ዛሬውኑ ይጻፉ። ሶሊሲተር (የሕግ አማካሪ ጠበቃ) ጋ ሲሄዱ ያንን ወረቀት ይዘው ይሂዱ።