«እናንተ እንዳላችሁ» ሲሉን ተስማሙ ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ የምኖረው በደቡብ ወሎ፣ በኩታበር ወረዳ ገጠር ነው። የመንደራችን ምንጭ ተበላሽቶ አቤቱታ ለወረዳው እንዲያቀርብ በተመረጠው ኮሚቴ ውስጥ እኔም አለሁበት። በስብሰባ የሚናገሩት ሦስት አራት ወንዶች ብቻ ሲሆኑ፣ ሌላው «እናንተ እንዳላችሁ» ብሎ ይበተናል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ያው ሰው ሲያማርር እንሰማለን። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «እናንተ እንዳላችሁ» በአገራችን ብዙውን ጊዜ የአክብሮት እንጂ የስምምነት ቃል አይደለም። ሽማግሌ ፊት መቃወምን ነውር አድርጎ ያደገ ሰው ቅሬታውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ሰውን ወደ ስብሰባ ከመጥራት ይልቅ እሱ ራሱ ወደሚያወጋበት ቦታ ሂዱ። ወሎ በዚህ የታደለ ነው፤ በብዙ ቦታ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤቱን በጋራ የሚቀብርበት ቅሬ አለ፤ ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቅ የቡና ወግም አለ። ውሃ የምትቀዳው ሴት ስለሆነች፣ ወደ ቡናው ከኮሚቴው ሴት አባል ትሂድ፤ ወንድ ሲገባ ወጉ ይለወጣልና።

«ችግራችሁ ምንድን ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ውሃ የለም» ከማለት ያለፈ መልስ አታገኙም። «ትናንት ከየት ቀዳችሁ? ስንት ሰዓት ተነሣችሁ? ከብቶቹስ የት ጠጡ?» ስትሉ ግን፣ ምንጩን ያደፈረሰው የከብት ገንዳ አለመኖሩ እንደሆነ፣ ወይም ቁልፍ ያዡ አርፍዶ እንደሚከፍት ልትሰሙ ትችላላችሁ። የሰማችሁትን በተናጋሪው ቃል ጻፉት፤ ፊርማና የጣት አሻራ ከመሰብሰባችሁ በፊትም ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። የማይስማማ ካለ ተቃውሞው በጽሑፉ ይግባ።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ያራቆተውን ረሃብ ሳስብ ነው፤ ያን ጊዜ የጠፋው ተናጋሪ ገበሬ ሳይሆን ሰምቶ የሚያስተላልፍ ባለሥልጣን ነበርና። ዛሬ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን፣ በአንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰብን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠትን መብት ደንግጓል፤ በማመልከቻችሁ ጥቀሱት።

ከወረዳው ስትመለሱ የተሰጣችሁን መልስ፣ እንቢታም ቢሆን፣ አስቀድማችሁ በቡናው ላይ ለነገሯችሁ ሴቶች ንገሩ።